ለድመታችሁ በር ላይ የራሷን መግቢያ መስራት

እኛ የምንኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፣ ሌሊቱ ይበርዳል ንፋሱ አይጣል ነው ከመሸ ደግሞ ጅብ አጥር ስር ድረስ ይመጣል። ሁለት ድመት አለን፣ ግራጫዋ እናት ውርዬ እና ጥቁሩ ልጇ ጉራቻ። ውርዬ ማታ ትወጣና ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ጓሮ በር ስር መጥታ መጮህ ትጀምራለች፣ እማዬ ወገቧን እያመማት በዛ ብርድ ተነስታ ስትከፍትላት ሁለት አመት ሆናት። ጉራቻ ወንድም ነበረው። አንድ ማታ የታክሲ ሰልፍ ይዞን አምሽተን ገባን፣ እማዬም ለቅሶ ቤት ነበረች፣ በር የሚከፍትለት ሰው አልነበረም፣ ጠዋት ብንፈልገው ብንፈልገው አጣነው። ከዛ በኋላ ነው ሰው ቢኖርም ባይኖርም ራሳቸው የሚገቡበት ነገር በሩ ላይ ካልሰራሁ አላርፍም ያልኩት።

መስኮት ገርበብ አድርጎ መተውን ሞክረነው ነበር፣ ዝናብ ገባ፣ የሰፈሩ ወንድ ድመትም እየገባ የጤፉ ጆንያ ላይ ሸናበት። እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ካቴድራል ውስጥ አንድ የድሮ የእንጨት በር አለ፣ ከሰዓቱ ስር፣ ድመት ገብታ አይጥ እንድትይዝ ተብሎ ከታች ክብ ቀዳዳ የተበሳበት፣ ክዳን ምናምን የለውም በቃ ቀዳዳ ነው። እዛ ይሰራ ይሆናል፣ እኛ ጋ ግን ክዳን የሌለው ቀዳዳ ማለት ንፋስ፣ ሸለምጥማጥና የሰው ድመት ማለት ነው። ስለዚህ ክዳን ያስፈልገዋል፣ ክዳኑም እኛ በፈለግነው ሰዓት የሚቆለፍ መሆን አለበት። ውጭ አገር ተሰርቶ የሚሸጥ የፕላስቲክ አለ፣ እኛ ጋ ግን የሚመጣው በአብዛኛው ከዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የሰፈር ብየዳ ቤት ውስጥ ባለ ነገር እንዴት እንደሚሰራ ነው የምነግራችሁ፣ የተገዛ ላላችሁ ደግሞ መሃል ላይ እመለስበታለሁ።

በሩን መምረጥ

ቀዳዳው ሰው አያስገባም፣ እጅ ግን ያስገባል። ሌባ ክንዱን አስገብቶ መቀርቀሪያውን ቢያገኘው ያ ሁሉ የብረት በር ዋጋ የለውም። ስለዚህ በሩን ክፈቱና ቤት ውስጥ ካላችሁት እጁ ረጅም የሆነው ሰው ቀዳዳው የሚሆንበት ቦታ ላይ ብብቱን አስጠግቶ እጁን ወደ ላይም ወደ ጎንም ይዘርጋ፣ ጣቱ የደረሰበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሽቦ ወይ እንጨት ይዞ ሊመጣም ስለሚችል ከዛ ላይ ሌላ 20 እና 30 ሳንቲም ጨምሩ። በዛ ክልል ውስጥ ቁልፍም መቀርቀሪያም መኖር የለበትም። ብዙ የላሜራ በሮች ታች ወደ መሬት የሚገባ መቀርቀሪያ አላቸው፣ እሱን ወይ ወደ ላይ አዛውሩት ወይ ደግሞ ከውስጥ ጓጉንቸር የሚገባበት አድርጉት። ቁልፍ ከውስጥ ሰክቶ መተኛት ደግሞ ከዛ ቀን ጀምሮ ቀረ በቃ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይወቀው፣ እንግዳም ሲያድር ይነገረው።

ቀጥሎ ንፋሱን እዩ። ሱሉልታ ላይ ንፋስ የሚመታው በር ላይ ብትሰሩት ክዳኑ ሌሊቱን ሙሉ ቋ ቋ ሲል ያድራል፣ እኛ የመረጥነው የማድቤቱን የጓሮ በር ነው ምክንያቱም አጥሩ ቅርብ ስለሆነ ንፋሱን ይሰብረዋል፣ ውሻችንም የሚታሰረው ፊት ለፊት በር ጋ ነው። ድመት ውሻ ተኝቶበት ባለ በር አትወጣም አትገባም፣ ብትወድዱትም ብትጠሉትም።

በሩ ከምን እንደተሰራ ደግሞ ስራውን ይወስነዋል። ድፍን እንጨት ከሆነ እድለኛ ናችሁ፣ አናጺ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ውስጡ ባዶ ሆኖ ከላይ ኮምፔርሳቶ የለበሰ ከሆነ ከቆረጣችሁ በኋላ የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ውስጡ ክፍት ስለሚሆን በአራቱም ጎን ልኩን የጠበቀ የእንጨት ጣውላ በኮላ አስገብታችሁ መሙላት አለባችሁ፣ አለበለዚያ ብሎኑን ስታጠብቁ ሁለቱ ገጽ እየተጠጋ ይሰነጠቃል። የአሉሚኒየምና የመስታወት በር ከሆነ በተለይ መስታወቱ ቴምፐርድ የሚባለው ከሆነ እንዳትነኩት፣ እሱ ከተሰራ በኋላ አይቆረጥም፣ ጫፉን ስትነኩት ሙሉውን ደቆ ነው የሚወርደው። የኛ ላሜራ ነበር፣ ኤልቲዜድ በሚባለው የበርና የመስኮት ብረት ፍሬም ላይ የተበየደ፣ አብዛኛው ሰው ጋ ያለውም እሱ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እሄዳለሁ።

ኪራይ ቤት ያላችሁ በር አትብሱ። አከራዩ ቢፈቅድም እንኳ ስትወጡ ጣጣ ነው። የብረት መስኮት ካላችሁ በስቱኮ ከተያዙት ትናንሽ መስታወቶች ዝቅ ያለውን አንዱን በጥንቃቄ አስነሱና መስታወቱን በካርቶን ጠቅልላችሁ ቁም ሳጥን ጀርባ አስቀምጡት፣ በቦታው በልኩ የተቆረጠ 9 ወይ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ አስገቡ፣ የድመቷን መግቢያ እሱ ላይ ስሩት። ከውስጥም ከውጭም መወጣጫ ሳጥን ወይ ብሎኬት ያስፈልጋታል። ቤት ስትለቁ መስታወቱን መልሳችሁ በስቱኮ ማስያዝ ነው፣ ማንም ምንም አይላችሁም። እንደውም ለኔ ሰው ቢጠይቀኝ የራሱ ቤት ላለውም መስኮቱ ዝቅ ያለ ከሆነ በር ከመቁረጥ ይሄን ነው የምመክረው።

ሜትሩን ድመቷ ላይ

የኛ የመጀመሪያ ስህተት እዚህ ጋ ነው የተፈጠረው፣ በሩን ለክተን ድመቷን ሳንለካ። በያጁ በሩን አየ አየና "እዚህ ጋ ያምራል" ብሎ ከመሬት 28 ሳንቲም ከፍ አድርጎ ምልክት አደረገ፣ እኔም እሺ አልኩ። ውርዬ ለመግባት መዝለል ነበረባት፣ የምትዘልበት ነገር ደግሞ ክዳን ያለው ቀዳዳ ነው፣ የትኛዋ ድመት ናት ዝግ ወደሆነ ነገር የምትዘለው።

የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ከድመቷ ሆድ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው መሆን ያለበት፣ እግሯን አንስታ ብቻ እንድትሻገር። ምግቧን ስትበላ ቆማ ባለችበት ከመሬት እስከ ሆዷ ያለውን ለኩ፣ ለአብዛኛው አዋቂ ድመት የታችኛው ጠርዝ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም መሃል ላይ ይመጣል። ሁለት ሶስት ድመት ካላችሁ በአጭሯ ለኩ፣ ረጅሙ ጎንበስ ይላል አጭሯ ግን አትረዝምም። ስፋቱን ለመለካት ደግሞ ሁለት ካርቶን ግድግዳ አድርጋችሁ አቁሙና መሃል ላይ ምግብ አስቀምጡ፣ ሳትጨናነቅ የምታልፍበት ድረስ አጥብቡት። ለኛ አገር ድመት 17 ሳንቲም ስፋት በ20 ቁመት ከበቂ በላይ ነው። ጉራቻ ትልቅ ወንድ ነው፣ ትከሻውን ሳይነካው ነው የሚያልፈው። እርጉዝ የምትሆን ሴት ካለች ስፋቱን አትቀንሱ። በጣም ማስፋትም ጥሩ አይደለም፣ ቡችላም ዶሮም መግባት ይጀምራል፣ ሌባውም እስከ ትከሻው ይገባል።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ ከውስጥና ከውጭ ያለው ወለል አንድ አይደለም። የኛ ማድቤት ከጓሮው 22 ሳንቲም ከፍ ይላል፣ ከውስጥ 12 ሳንቲም ያልነው ከውጭ 34 ሆነ ማለት ነው። ከውጭ ሁለት ብሎኬት አጋድመን በሲሚንቶ አሲዘን መቆሚያ ሰራንላት፣ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ቆም ብላ ዙሪያዋን አይታ ነው የምትገባው።

ክዳኑ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ክዳኑን ነው። የመጀመሪያውን ክዳን በያጁ ከ1.5 ሚሊ ላሜራ ቆርጦ በማጠፊያ ሰቀለው፣ ጠንካራ ነው ብለን ደስ አለን። ያ ክዳን ግን 400 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፣ ውርዬ ራሷ 3 ኪሎ ትንሽ ብታልፍ ነው፣ የክብደቷን አንድ ስምንተኛ በግንባሯ ግፊ ማለት ነው የነበረው። አንድ ቀን ውሻ አባሯት እንደምንም በርግዳው ገባች፣ ክዳኑ ተመልሶ ጭራዋ ላይ ወደቀ፣ ጠርዙም አልተሞረደም ነበርና ቆዳዋን ላጠው። ለሶስት ሳምንት በዛ በር አጠገብ አላለፈችም። እስካሁን ሳስበው ይከፋኛል፣ እኔ ነበርኩ ማረጋገጥ የነበረብኝ።

ሁለተኛው ከአክሪሊክ ተሰራ፣ ማስታወቂያ ታፔላ የሚሰሩት ልጆች ጋ ቁርጥራጭ አይጠፋም፣ 3 ሚሊ ውፍረት ያለውን ብርሃን የሚያሳልፈውን ጠይቁ፣ በማሽናቸው ልኩን ቆርጠው ጥጋጥጉን ክብ አድርገው ይሰጧችኋል። ያው መጠን በአክሪሊክ 115 ግራም ቢሆን ነው። ደግሞ ያሳያል፣ ድመት ከበር ማዶ ምን እንዳለ ማየት ትፈልጋለች፣ ውሻ ይኑር ሌላ ድመት ይኑር አይታ ነው የምትወጣው። ቀዳዳው 17 ከሆነ ክዳኑ 16.4 ይሁን፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ክፍተት ማለት ነው፣ ከታች ደግሞ 5 ሚሊ። ከዛ ካጠበባችሁት በክረምት ጭቃ ይዞ ይነክሳል።

መሰቀያው በጣም ቀላል ነው። በያጁ ጋ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ አለ፣ ላዩ ላይ ያለውን ሽፋን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አራግፉትና የሚቀረው ቀጥ ያለ ንጹህ ዘንግ ነው። ቀጭን ቆርቆሮ በዘንጉ ላይ አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፍ በክዳኑ ግራና ቀኝ አውርዱና በሶስት ትናንሽ ብሎን ከነሮንዴላው እሰሩት፣ ዘንጉ ቆርቆሮው ውስጥ እንደልቡ መዞር አለበት። የዘንጉ ሁለት ጫፍ ፍሬሙ ላይ በተበሱ 3 ሚሊ ቀዳዳዎች ይገባል። በቃ፣ ማጠፊያ አያስፈልገውም፣ ክዳኑ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይወዛወዛል። አክሪሊኩን ስትበሱ ከስሩ እንጨት አድርጉ፣ የምትበሱበት ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ ድሪሉን በቀስታ አስኪዱት፣ ከቸኮላችሁ ይሰነጠቃል። ብሎኑንም አታክርሩት።

ክዳኑ በንፋስ እንዳይወዛወዝ ማግኔት ያስፈልጋል። የተበላሸ ፍሪጅ በር ጎማ ውስጥ ረጅም ለስላሳ ማግኔት አለ፣ ፍሪጅ ጠጋኞች ጋ ወይ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ይገኛል፣ ከሱ 5 ሳንቲም ቆርጣችሁ በክዳኑ የታች ጫፍ ላይ ለጥፉት፣ ፍሬሙ ብረት ስለሆነ ራሱ ይስበዋል። ጠንካራ ማግኔት አትፈልጉ፣ በአንድ ጣት ስትገፉት መከፈት አለበት። ከታች ያለችውን ክፍተት ደግሞ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ሸፍኗት፣ ጎማውን ከክዳኑ ጫፍ ትንሽ ተርፎ እንዲወርድ አድርጉ፣ ብርዱን በደንብ ያቆመዋል።

የተገዛ የፕላስቲክ መግቢያ ካላችሁ ይሄ ሁሉ ተሰርቶ ነው የሚመጣው፣ ውስጡ የመቁረጫ ልክ የሚያሳይ ወረቀት አለ፣ በሱ ሂዱ። ችግሩ ብሎኖቹ ለወፍራም የእንጨት በር ተብለው የተሰሩ ስለሆኑ ነጠላ ላሜራ ላይ ዝም ብሎ ይላወሳል፣ ከውስጥ በኩል ቀዳዳው የተከፈተበት 2 ሳንቲም የሚያህል ጣውላ ደርባችሁ እሰሩት። የድመቷን ማይክሮቺፕ፣ ማለትም ከቆዳዋ ስር የሚቀበረውን ትንሽ መለያ፣ አንብቦ የሚከፍተው አይነት ከሆነ ደግሞ በባትሪ ነው የሚሰራው፣ የብረት በር ላይ ማንበቡ ሊያስቸግር ስለሚችል መመሪያው ስለ ብረት በር የሚለውን ሳታነቡ በራችሁን አትቁረጡ።

መቁረጥ

ለላሜራ በር በያጁ ፍሬሙን ብየዳ ቤቱ ይስራው፣ እቤታችሁ መጥቶ እንዲበይድ አታድርጉ። ከ3 ሳንቲም አንግል ብረት ሁለት አራት ማዕዘን ፍሬም ነው የሚያስፈልገው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆኖ በሩን መሃል አስገብተው በብሎን የሚያያዙ። እንደዛ ሲሆን የተቆረጠው የላሜራ ጠርዝ በሙሉ ተሸፍኖ ይቀራል፣ የድመቷን ሆድ የሚቧጭር ነገር አይኖርም። ክዳኑ የሚሰቀለው በውስጠኛው ፍሬም ላይ ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት በሩን በጣታችሁ አንኳኩት፣ ድምፁ ድፍን የሚልበት ቦታ ውስጥ ኤልቲዜድ አለ ማለት ነው፣ እሱን ከቆረጣችሁት በሩ ይላላል፣ ቀዳዳውን ወደ ጎን ወይ ወደ ላይ በሁለት ሳንቲም አሽሹት። ከዛ በካርቶን ልክ ቆርጣችሁ በሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉትና ድመቷን ጠርታችሁ አጠገቡ አቁሟት፣ ሆዷ የት ጋ እንደሚደርስ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩ። ይሄ ሁለት ደቂቃ ነው፣ እኛ ብናደርገው ኖሮ በሩ ላይ አሁን ተበይዶ የተቀባ ጠባሳ አይኖርም ነበር።

ግራይንደር ብልጭታው ሩቅ ነው የሚሄደው። የማድቤት በር ከሆነ የጋዝ ሲሊንደሩን ዝጉና ጓሮ አውጡት፣ ኬሮሲን፣ ቲነር፣ የማገዶ ጭራሮ ምናምን ካለ አርቁ፣ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ድመቶቹን ሌላ ክፍል ዝጉባቸው፣ ድምፁ ብቻውን ያሳብዳቸዋል። መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ፣ የግራይንደሩን መከለያ አውልቆ የሚሰራ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፣ 1 ሚሊ ዲስክ ሲሰበር እንደ ጥይት ነው። በአራቱ ጥግ መጀመሪያ በ10 ሚሊ ድሪል ብሱ፣ ከዛ ከጥግ እስከ ጥግ ቁረጡ፣ ጥጉ ላይ አሳልፋችሁ አትቁረጡ። በሩ ከሁለት በኩል ላሜራ የለበሰ ከሆነ የጥጉን ቀዳዳ ዘልቆ እንዲወጣ አድርጋችሁ ሌላውን ገጽ ከሌላ በኩል ቁረጡት። ለእንጨት በር ያው አራት ጥግ በስቶ በጂግሶ መሄድ ነው፣ መስመሩ ላይ ፕላስተር ከለጠፋችሁ እንጨቱ አይላጥም። መብራት መሃል ላይ ሊሄድ ስለሚችል ጠዋት ጀምሩ፣ ለሊቱን ክፍት ሆኖ እንዳያድር የምትሸፍኑበት ጣውላም አዘጋጁ።

እንደተቆረጠ ጠርዙን በሞረድ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት፣ እጃችሁን ያለ ጓንት ስታዞሩበት ምንም የሚይዝ ነገር እስካይኖር። ከዛ በዛው ቀን አንቲረስት ቀቡት፣ ነገ ብላችሁ ከተዋችሁት በሐምሌ ዝናብ በሳምንት ውስጥ ዝገቱ ከቀለሙ ስር እየገባ ይሄዳል።

ፍሬሙን ስታስሩ የብሎኑ ድቡልቡል ራስ ከውጭ ዳዶው ከውስጥ ይሁን፣ ከውጭ በካቻቪቴ የሚፈታ ነገር እንዳትተዉ። በላይና በሁለቱ ጎን ሲሊኮን አድርጉ፣ ከታች አታድርጉ፣ የገባው ውሃ የሚወጣበት ያስፈልገዋል። የሲሊኮን ሽታ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ስለሚል ድመቶች አይወዱትም፣ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅና ይናፈስ ከዛ አሳይዋቸው። ከላይ ደግሞ 10 ሳንቲም ወደ ውጭ የወጣ ትንሽ የላሜራ ክፈፍ አስበይዱበት፣ ብየዳው ፍሬሙ ገና ብየዳ ቤት እያለ ይሁን፣ ያለሱ የክረምቱ ዝናብ በሩን ታኮ ወርዶ ክዳኑ ላይ ነው የሚያርፈው።

የማታ ነገር

አሁን ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጋ ደረስን። ፍሬሙ ላይ ሁለት ትናንሽ የሚዞሩ ብረቶች አሉ፣ አንዱ ከክዳኑ ውስጥ በኩል አንዱ ከክዳኑ ውጭ በኩል፣ በአንድ ብሎን የተያዙ፣ በጣት ሲዞሩ የክዳኑን የታች ጫፍ እንዳይሄድ የሚያግዱ። የውጩን ካዞራችሁት ክዳኑ ወደ ውጭ አይሄድም ወደ ውስጥ ግን ይሄዳል፣ ማለትም ውጭ ያለች ድመት ትገባለች፣ ውስጥ ያለች ግን አትወጣም። ሁለቱንም ካዞራችሁ ዝግ ነው። ሁለቱንም ከለቀቃችሁ እንደልባቸው። የውጩን ለመድረስ ክዳኑን ወደ ውስጥ ከፍታችሁ እጃችሁን ማሾለክ ነው። ብሎኑ ከስር ሮንዴላና ሁለት ዳዶ ይኑረው፣ በአንድ ዳዶ ብቻ ከሆነ እየላላ በራሱ ይዞራል።

እኛ ማታ 12 ሰዓት ላይ እራታቸውን እንሰጣለን፣ ሁለቱም ይመጣሉ፣ የውጩን ብረት እናዞራለን። አንዷ አምሽታ ብትቀር እንኳ ጅቡ ሳይወጣም ሆነ ከወጣ በኋላ ሮጣ መጥታ ትገባለች፣ ከገባች ደግሞ እስኪነጋ አትወጣም። ያ ቀን ይሄ ቢኖር ኖሮ የጉራቻ ወንድም ገብቶ ይተኛ ነበር። ቤት ውስጥ የሚያድሩ ስለሆነ ጥግ ላይ አሸዋ ያለበት ሳፋ አስቀምጡላቸው፣ ካልሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሩን መቧጨር ይጀምራሉ። ሁላችሁም ወጥታችሁ ማንም ቤት በማይኖርበት ማታ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የውጩን ብቻ አዙራችሁ ሂዱ፣ ሁለቱንም አይደለም።

ማስለመድ

ክዳኑን ገጥማችሁ ድመቷን ይዛችሁ በቀዳዳው አትግፏት፣ አንድ ጊዜ ከተገፋች ለወር ትፈራዋለች። የመጀመሪያውን አራት አምስት ቀን ክዳኑን በገመድ ወደ ላይ አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ክፍት አድርጉት፣ ማግኔቱንም በፕላስተር ሸፍኑት። ስትራብ እሷ ከአንድ ወገን ምግቡ ከሌላ ወገን ይሁን። ሳምባ ቀቅላችሁ ትንሽ ትንሽ እየሰጣችሁ ከሆነ ሽታው ራሱ ይጎትታታል፣ ጾም ሲሆን ሉካንዳ ስለሚዘጋ እኛ የዐቢይ ጾም ሳይገባ ገዝተን ቆራርጠን ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥን። ወተት አትስጡ፣ አዋቂ ድመት ብዙ ጊዜ ሆዷን ያስቀምጣታል። ስታልፍ ስታልፍ ስትለምድ ክዳኑን ግማሽ አውርዱት፣ ወረደ ማለት ስታልፍ ጀርባዋን እንዲዳብሳት ነው። ከዛ ሙሉ ልቀቁት፣ ማግኔቱን መጨረሻ ላይ። ጉራቻ በሶስት ቀን ለመደ፣ ውርዬ የጭራዋን ነገር አልረሳችም መሰለኝ ከሁለት ሳምንት በላይ ወሰደባት፣ አንድ ጠዋት ግን ልጇ ሲገባ አይታ ተከትላው ገባች። እማዬ እልል ነው ያለችው።

ለማስለመድ ስትቸኩሉ አንድ ነገር እንዳይዘለል፣ ድመቷ ራሷ የምትወጣ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ አለባት፣ ድመትም ይይዛታል ከሷም ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ግልገል ከሆነች ሶስት ወር ሲሞላት ይጀመራል ከዛ በየጊዜው ይደገማል፣ የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ማምከንም አብሮ ይታሰብ፣ ያልተኮላሸ ወንድ ርቆ ይሄዳል፣ ይጣላል፣ ቆስሎ ይመጣል። ለጎረቤት ደግሞ ሄዳችሁ ንገሩ፣ ድመታችን ከአሁን በኋላ ብቻዋን ትወጣለች፣ የአይጥ መርዝ የምታስቀምጡ ከሆነ ንገሩን በሏቸው። ድመት መርዝ የበላ አይጥ በልታ ልትሞት ትችላለች፣ ሰው ክፋት አስቦ አይደለም ስለማያውቅ ነው። የኛ ጎረቤቶች ነገርናቸውና መርዙን ትተው እንደውም ውርዬ በነሱ ጎተራ በኩል ብታልፍልን ነው የሚሉት።

መቼም ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፣ መግቢያ ከተሰራላት ጀምሮ ያደነችውንም ይዛ ትገባለች፣ ማድቤት መሃል የአይጥ ጭራ ብታገኙ አትቆጧት፣ በሱ ምክንያት ነው ጤፉ የተረፈው። በጓንት አንስታችሁ ቅበሩት።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ክዳኑ ሲንሿሿ ዘይት አታድርጉ፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ጭራሽ፣ ጸጉሯ ላይ ይነካና ትልሰዋለች። ሻማ ዘንጉ ላይ እሹት ይበቃል። ክዳኑን በውሃና በሳሙና ብቻ እጠቡ፣ አልኮልና ቲነር አክሪሊኩን ይሰነጣጥቀዋል። ሰኔ ሳይገባ አንቲረስቱን አይታችሁ የተላጠውን ድገሙት፣ የጎማዋን ላስቲክም ቀይሩ፣ እሷ በአመት ትደርቃለች።

ከበሩ የተቆረጠችውን የላሜራ ቁራጭ ደግሞ አትጣሏት። ቀባ አድርጋችሁ በጋዜጣ ጠቅልሉና የበሩ ትርፍ ቁልፍ የሚቀመጥበት ጋ አስቀምጧት፣ አንድ ቀን ቤቱን ብትሸጡ ወይ ብትለቁ ልኳ እሷው ስለሆነች በያጅ በአስር ደቂቃ መልሶ ይበይዳታል።